ማን ተደገፈው? የተቀመጠ የበግ ጸጉር ሲደድር

ድሬ ላይ የሁሉም ነገር ጥፋተኛ ሙቀት ነው። ወተት ሲበላሽ ሙቀት፣ ባጃጅ ሲቆም ሙቀት። ለፈትል የተቀመጠ የበግ ጸጉር ደድሮ ሲገኝም ያው ነው። «አቦ፣ ሙቀቱ ነው!» ይሉኛል። አይደለም። ደረቅ ጸጉር ማንም ካልነካው ሙቀት ብቻውን አያደድረውም።

ጥጥ ይህ ጣጣ የለበትም። ጆንያ ውስጥ ቢጠቀጠቅም በደጋን ትነድፈዋለህ፣ አለቀ። የበግ ጸጉር ግን እያንዳንዱ ዘለላ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ልባስ አለው። ቅርፊቱ ከሥር ወደ ጫፍ ስለተነጠፈ ዘለላው ወደ አንድ በኩል ይንሸራተታል እንጂ አይመለስም። እርጥበት፣ ሙቀትና መታሸት ከተገናኙ እርስ በርሱ ገብቶ ይቆላለፋል። ባርኔጣ የሚሠሩ ሰዎች ሆን ብለው ያደርጉታል። ቀጭንና ለስላሳው ደግሞ ቀድሞ ይደድራል።

እውነት ደድሯል?

ብዙ ጊዜ የተጠቀጠቀ ብቻ ነው። እፍኝ ያህል ያዝና በሁለት እጅህ ቀስ ብለህ ሳብ። እጆችህን ግን አራርቅ። የአንዱ ዘለላ ሁለት ጫፍ በሁለት እጅህ ከተያዘ በሬ ቢስበውም አይላቀቅም፣ ይህን ሳያዩ ደህና ጸጉር የጣሉ አውቃለሁ። እየተንሸራተተ ከተለያየ ወደ ጎን ከፈት ከፈት አድርገህ ጥላ ውስጥ አሳድረው። እንደ ጨርቅ ተያይዞ ከመጣ ግን ደድሯል። መፍትሄ የለውም፣ ትራስ ውስጥ ክተተው።

አንድ ጎኑ ደድሮ ሌላው ደህና ሲሆን

ከሚመጡልኝ ጆንያዎች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። በአንድ በኩል ጠፍጣፋና ጠንካራ ነው፣ መሃሉ ገባ ያለ፣ ልክ የሰው ጀርባ የሚያህል። የላዩን ስትገልጠው ከሥሩ እንደ ደመና የተነፋ ጸጉር ታገኛለህ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ማን ተደገፈው?

«ኧረ ማንም!»

ጆንያውን ስገለብጠው ከስፌቱ የጫት ገረባ ይረግፋል።

በርጫ ላይ መደገፊያ ሆኗላ! ከሰባት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ላብ ያለበት ጀርባ አርፎበታል። የተደገፈው ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ለፔርሙዝ ይንጠራራል፣ ይስቃል፣ ጎን ይቀይራል። ሙቀት፣ እርጥበት፣ መታሸት፣ ሦስቱም ተሟሉ። «ደረቅ ነበር እኮ» አትበለኝ። የበግ ጸጉር ከክብደቱ ወደ 30 በመቶ የሚጠጋ ውሃ መጥጦ እንኳ ስትነካው እርጥብ አይመስልም።

ከዚራ ያለ አንድ ቤት ሁለቴ ደርሶባቸዋል። ከመጀመሪያው በኋላ «አሁን በንጹህ አንሶላ ጠቅልለነዋል» አሉኝ። አንሶላ ለብሶማ ጭራሽ ፍራሽ መሰለ! በሳምንቱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተደግፎበት አገኙት።

ስለዚህ ጆንያ ተው። ጠንካራ ካርቶን አምጣ፣ ጸጉሩን በትራስ ልብስ ውስጥ ልል አድርገህ ክተት፣ ከቁም ሳጥን ላይ አስቀምጥ። አትጠቅጥቀው። ሌላ ዕቃ አትጫንበት። እንግዳ ሲመጣ አውጥተህ እያሻሸህ አታሳይ። እኔ ካርቶኑ ላይ «ጠርሙስ፣ ይሰበራል» ብዬ ጽፌበታለሁ። እስካሁን የተደገፈው የለም።

ከሐረር ደህና ተነስቶ ድሬ ደድሮ ሲደርስ

አንዲት ደንበኛዬ ሐረር አጥባ፣ ከላይ ሲደርቅላት ፌስታል ውስጥ ቋጥራ በሚኒባስ ላከችልኝ። ረዳቱ ቦታ አጥቶ ከሹፌሩ አጠገብ፣ ሞተሩ ላይ አኖረው። የደንገጎን ጠመዝማዛ እየተንቀጠቀጠ ወረደ። ስከፍተው እንፋሎት ፊቴን መታኝ። ጸጉሩ የፌስታሉን ቅርጽ ይዟል፣ ቋጠሮው ሳይቀር!

ሐረር ከድሬ ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ሲደርቅ አትቸኩል። ላዩ ደረቀ ማለት ውስጡ ደረቀ ማለት አይደለም። እንዳይንገላታ በልኩ ካርቶን ላከው። ሞተር ላይ እንዳይቀመጥ ለረዳቱ ንገረው። ከዚያም ድገምለት።

እጅ ላይ ሲያጣብቅ

ይህ መደደር አይደለም፣ በደንብ ያልታጠበ የበጉ ቅባት ነው። 40 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል፣ የድሬ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ ይህ ቀላል ነው። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይረጋና ዘለላዎቹን ያጣብቃል። በሙቅ ውሃና በሳሙና ዘፍዝፈው። አትሸው። የቧንቧ ውሃ አትልቀቅበት። የምታለቀልቅበትም ውሃ የዚያኑ ያህል ሙቅ ይሁን፣ በድንገት ቀዝቃዛ አይንካው። አትጭመቀው፣ በፎጣ ተጭነህ ውሃውን አስመጥ።

ሲነካ ሲበጣጠስ

ብል ነው። ከሌላው ለይተህ ደጅ አራግፍ፣ የተበላውን ጣል፣ ካርቶኑንም ጭምር።

ፌስታል ብቻ ካለህ

አፉን አትቋጥረው።