ፍጥነት ፍለጋ ስልክ ስንቀይር የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ዓመት እዚሁ አዳማ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ካለ አንድ ሞባይል ቤት ባለ 5ጂ ስልክ ገዛሁ። ሻጩ በሩ ላይ ቆሞ ፍጥነቱን ለክቶ አሳየኝ። ቁጥሩ ሽቅብ ተተኮሰ፣ ልቤም አብሮ። የሁለት ወር ደሞዜን ቆጥሬ ሰጠሁና ባጃጅ ተሳፈርኩ። ቤት ገብቼ ዩቲዩብ ስከፍት ያቺ የማውቃት ክብ ምልክት መሽከርከር ጀመረች። ከላይ ጥግ ላይ የሚታየው 4ጂ ነው። ጓሮ ስወጣ 5ጂ ይሆናል፣ ሳሎን ስመለስ 4ጂ። ባለቤቴ አየት አደረገችኝና "እንደ ዶሮ ጓሮ ለጓሮ ልትዞር ነው የገዛኸው?" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ስልክ ሊቀይር ያሰበ ዘመድና ጎረቤት ሁሉ እኔን ያማክራል። አንዴ የተቃጠለ ሰው ያውቃል ብለው መሰለኝ። እውነትም ስህተታችን ይመሳሰላል።

ዝግመቱ የማን እንደሆነ ሳይለዩ መግዛት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፣ የእኔም ይሄው ነበር። "ኔት ቀርፋፋ ነው" እንላለን። ግን የቀረፈፈው ማነው? ስልኩ? ሲም ካርዱ? የሰፈሩ አንቴና? አፑ? ስልክ መቀየር የሚፈታው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

አንድ ነገር አስቡ። ርካሽ የሚባል ባለ 4ጂ ስልክ እንኳ በወረቀት ላይ በሰከንድ እስከ 150 ሜጋቢት ድረስ መቀበል ይችላል። እናንተ ጋ የሚደርሰው 6 ወይም 8 ከሆነ ጠባቡ በር ስልካችሁ አይደለም። በአሮጌው የሞጆ መንገድ ከተሳቢ ኋላ ከተሰለፋችሁ ቪትዝም ቪ8ም እኩል ነው።

ለማረጋገጥ ገንዘብ አያስፈልግም። የተሻለ ስልክ ያለው ጓደኛ ፈልጉና ሲማችሁን እሱ ስልክ ላይ አስገቡት። ቦታውም ሰዓቱም ያው ይሁን። እሱ ስልክ ላይ ከፈጠነ ጥፋቱ የስልካችሁ ነው፣ ወደ ገበያ ውጡ። እዚያም ከተንቀረፈፈ ኪሳችሁን ዝጉ። ሌላም መንገድ አለ። ምሽት 2 ሰዓት ላይ የሞከራችሁትን ንጋት 11 ሰዓት ላይ ድገሙት። ንጋት ላይ የሚበር ከሆነ ችግሩ የአንቴና መጨናነቅ ነው። ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ቲክቶክ ይከፍታል። አዳማ ደግሞ የስብሰባ ከተማ ናት። ሆቴሎቹ ሲሞሉ አንቴናውም አብሮ ይሞላል።

ስልኩ ነው ያልነው ራሱ ብዙ ጊዜ የኔትወርክ ጉዳይ አይደለም። ሚሞሪው ሞልቶ ነው። አንድ የአክስቴ ልጅ ስልኩ ሃንግ እያደረገ አላስቀምጥ አለው፣ አዲስ ሊገዛ ብር አሰባሰበ። ስንከፍተው ቴሌግራም ብቻውን 20 ምናምን ጊጋባይት ይዟል። የቡድኑ ቪዲዮ፣ የሠርጉ ፎቶ፣ ማንም ያላየው ፊልም፣ ሁሉም በራሱ እየወረደ ተከምሯል። ሴቲንግ ገብተን ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ የሚለው ውስጥ ካሹን (በራሱ ያጠራቀመውን ፋይል) አጸዳን፣ በራሱ ማውረዱንም ዘጋን። ብሩን ለቤት ኪራይ አዋለው።

ስለ ቴሌግራም ካነሳን፣ ፊልም ማውረድ ዘገየብኝ የሚል ሰው ብዙ ነው። ቴሌግራም በነፃ ለሚጠቀም ሰው የማውረድ ፍጥነቱን ራሱ ይገድባል። ገደቡ የሚነሳው ፕሪሚየም ለሚከፍል ነው። እዚያ ላይ የአዲስ ስልክ አስተዋፅኦ ባዶ ነው።

ቪፒኤንም አለ፣ የተዘጋ ገፅ አዙሮ የሚያስከፍተው አፕ። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በተዘጉ ጊዜ ያልጫነ ሰው አልነበረም። ከተከፈተ በኋላ ግን ማጥፋቱን የረሳው ስንቱ ነው! ነፃ ቪፒኤን የምታዩትን ሁሉ ባሕር ማዶ አዙሮ ነው የሚያመጣላችሁ። ይዘገያል፣ ባትሪም ይጨርሳል። አጥፉትና አንድ ቀን ተጠቀሙ፣ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

የመጨረሻው ሲም ካርዱ ነው። ከ10 ዓመት በፊት የወጣ ሲም ከሆነ 4ጂ የማይሸከም ሊሆን ይችላል። ባለ 4ጂ ስልክ ይዛችሁ ዕድሜ ልክ 3ጂ ላይ ትቀራላችሁ ማለት ነው። መታወቂያ ይዞ ሄዶ መቀየር ነው፣ ቁጥሩም አይለወጥም። ሴቲንግ ውስጥ የኔትወርክ ዓይነት የሚለው 3ጂ ላይ ተቆልፎ እንዳይሆንም እዩ። ልጆች ሲነካኩ የቀየሩት ስንት ስልክ አይቻለሁ።

ቁጥር ማምለክ

ሻጩ ያሳየኝ ቁጥር ከ200 በላይ ነበር። እውነት ለመናገር ምን እንደማደርግበት ራሴን አልጠየቅኩም።

ዩቲዩብ ራሱ የሚያስቀምጠው መጠን አለ። 480 ለሚባለው ጥራት በሰከንድ 1.1 ሜጋቢት ይበቃል፣ ለ720 ደግሞ 2.5። ሙሉ ኤችዲ የሚባለው 1080 የሚፈልገው 5 ነው። 20 የሚፈልገው 4ኬ ነው፣ እሱንም በስልክ ስክሪን ከ1080 ለይቶ የሚያይ ዓይን ብርቅ ነው። የዋትስአፕና የኢሞ የድምፅ ጥሪ 1 ሜጋቢት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የተረጋጋ 10 ሜጋቢት ካላችሁ በ200 እና በእናንተ መካከል ቪዲዮ በማየት የሚታይ ልዩነት የለም።

"የተረጋጋ" የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ጥሪ የሚቆራረጠው ፍጥነቱ አንሶ ሳይሆን አንዴ መጥቶ አንዴ እየጠፋ ስለሆነ ነው። ይሄንን በአንድ ቁጥር ማወቅ አይቻልም።

ሌላ የሚያምታታ ነገር ቢትና ባይት ነው። ፍጥነት በሜጋቢት ይነገራል፣ ፋይል በሜጋባይት። 8 ቢት 1 ባይት ነው። "100 አለኝ፣ ለምን በሰከንድ 12 ብቻ ይወርዳል?" ብሎ ሻጭ ጋ የሚጣላ ሰው አይቻለሁ። ሻጩ ምንም አላጠፋም፣ 100ን ለ8 ስታካፍሉት 12.5 ነው።

የ5ጂ ምልክትን አምኖ መግዛት

አገራችን ውስጥ 5ጂ መጀመሪያ የተሞከረው በግንቦት 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ክልል ከተሞች ወጣ፣ አዳማም ቀድመው ካገኙት አንዷ ናት። 4ጂ በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ እኛ ስንት ዓመት እንደጠበቅን የሚያስታውስ ሰው የአሁኑን ፈጣን ነው ይላል። ግን "ከተማው ውስጥ አለ" ማለት "ሰፈራችሁ አለ" ማለት አይደለም። ሰፈራችሁ አለ ማለት ደግሞ ሳሎናችሁ አለ ማለት አይደለም።

የእኔ ነገር እዚህ ላይ ነው። 5ጂ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ሞገድ ብዙ ዳታ ይሸከማል፣ ግን ግድግዳ አይወድም። ብሎኬት ያደክመዋል። ቆርቆሮ ጣሪያማ ብረት ነው፣ መልሶ ይወረውረዋል። አዳማ ውስጥ ደግሞ በብሎኬትና በቆርቆሮ ያልተሠራ ቤት ፈልጉ እስኪ።

ምልክቱ ራሱም ሁልጊዜ አይታመንም። ብዙ ቦታ የተተከለው 5ጂ በ4ጂ ላይ ተደግፎ የሚሠራ ነው። አካባቢው 5ጂ አለው ከተባለ ስልኩ ምልክቱን ሊያሳይ ይችላል፣ ዳታው ግን በ4ጂ እየመጣ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ባለ 5ጂ ስልክ ያለው ሰው ቡና ጥሩ። ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ ወጥ ቤት ያዙሩት። ከዚያ ሥራ ቦታችሁ ይምጣ። ፍራንኮ ወይም አመዴ ገበያ ላይ በረረ ማለት እናንተ ጋ ይበራል ማለት አይደለም። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ዋይፋይ፣ ማታ ቤት ዋይፋይ የምትጠቀሙ ከሆነማ ጥያቄው ራሱ ውድቅ ነው። 5ጂ የሚነካችሁ በመንገድ ላይ ብቻ ነው።

ከውጭ የመጣ ስልክ ሁሉ ይሠራል ማለት

ጎረቤታችን ያሉ እናት ልጃቸው ከአሜሪካ አይፎን ላከላቸው። ደስታቸው ለጉድ ነበር። ሲም ሲገባበት "አይደገፍም" የሚል ጽሑፍ መጣ። ስልኩ እዚያ አገር በኮንትራት የተገዛ ነው፣ ከሸጠው የቴሌኮም ድርጅት ጋር ተቆልፏል። መክፈት የሚችለውም እዚያው ያለው ድርጅት ነው። "እንከፍተዋለን" ያሏቸው ልጆች ብር ተቀብለው አንድ ወር አመላለሷቸው። በመጨረሻ ልጃቸው እዚያው ቀሪ ክፍያውን ጨርሶ አስከፈተው።

ቁልፍ ባይሆን እንኳ ባንድ የሚባል ነገር አለ። ኔትወርክ የሚሠራባቸው የሞገድ ክልሎች ናቸው። ለአንድ አገር ገበያ የተሠራ ስልክ የእኛን ላይዝ ይችላል። ስሙ አንድ የሆነ ስልክም ሁለት ዓይነት ይሆናል። ሳምሰንግ ኤ14 እና ኤ15 ለምሳሌ 4ጂም 5ጂም ሆነው ወጥተዋል፣ መልካቸው አይለይም። አይፎን 5ጂ የያዘው ከ12 ጀምሮ ነው። 11ን "5ጂ ነው" ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ሱቅ ቀይሩ። ሙሉ የሞዴል ቁጥሩን ሴቲንግ ውስጥ አይታችሁ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉት። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የራሳችሁን ሲም አስገብታችሁ፣ ዳታ ከፍታችሁ፣ ከዚያ መክፈል ነው።

ሁለተኛውን ሲም መርሳት

ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙዎቻችን የኢትዮ ቴሌኮምንም የእሱንም ሲም አንድ ስልክ ላይ ነው የምንይዘው። ቆየት ባሉ ስልኮች አንደኛው ቦታ ብቻ ነው 4ጂ የሚይዘው። የዳታ ሲማችሁን ወደ አንደኛው አዛውሩት፣ ወይም ሰፈራችሁ ላይ የሚሻለውን ድርጅት ሞክሩ። ሲም መግዛት ከስልክ መግዛት እጅግ ይረክሳል።

ወጪው ስልኩ ላይ ያበቃል ብሎ ማሰብ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የስልክ ዋጋ የት እንደደረሰ እናንተም ታውቃላችሁ። የማይነገረው ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ ነው።

ፈጣን ኔት ዳታ ይበላል። ዩቲዩብ ፍጥነት ሲያገኝ ሳይጠይቅ ጥራቱን ከፍ ያደርጋል። በ480 አንድ ሰዓት ስታዩ ግማሽ ጊጋባይት ገደማ ነው የሚሄደው። በ1080 ከሆነ 2 ጊጋባይት ያልፋል፣ በ4ኬ ደግሞ ወደ 9 ይጠጋል። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት የወር ፓኬጄን ጨርሼ ነበር። ፍጥነት መለካቱ ራሱ ነፃ አይደለም። በ100 ሜጋቢት ለ10 ሰከንድ ማውረዱ ብቻ 125 ሜጋባይት ይወስዳል። ለጓደኛ እያሳየሁ ስንቴ እንደለካሁ አልነግራችሁም። ያልተገደበ ፓኬጅ ከሌላችሁ ጥራቱን በእጃችሁ 480 ላይ አስቀምጡት። ግን ያንን ካደረጋችሁ 5ጂውን ለምን ገዛችሁ?

ሙቀቱንም አስቡት። 5ጂ ባትሪ ይበላል፣ ስልኩንም ያሞቃል። አፕል አይፎንን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ተጠቀሙ ይላል። የአዳማ ሚያዝያ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ባጃጅ ላይ ፀሐይ ፊት የተሰቀለ ስልክ ሲግል ራሱን ለማዳን ሥራውን ይቀንሳል። የተገዛው ፍጥነት እዚያው ቀለጠ።

ጭራሽ አለመቀየር

ይሄን ሁሉ ስል "አትግዙ" ያልኩ ይመስላል። አላልኩም። 3ጂ ብቻ የሚይዝ ስልክ ይዛችሁ ከሆነ ቀይሩ። ከ3ጂ ወደ 4ጂ መሄድ ከ4ጂ ወደ 5ጂ ከመሄድ ይልቅ በዕለት ኑሮ ይታያል፣ ርካሽም ነው። ቻርጁ ግማሽ ቀን የማይደርስ፣ የባንክ አፑ "ስልክዎ አይመጥንም" የሚለውም ሰው እንደዚሁ። ያ ግን የፍጥነት ጉዳይ አይደለም፣ ስልኩ አርጅቷል።

ለ5ጂ ብሎ መግዛት የሚያዋጣውም አለ። ሠርግ ቀርፆ በዚያው ምሽት ቪዲዮ የሚጭን ልጅ አውቃለሁ፣ በአንድ የሠርግ ወቅት የስልኩን ዋጋ መልሶታል። ቤቱ የመስመር ኢንተርኔት የሌለውና ስልኩን ሆትስፖት አድርጎ በላፕቶፕ የሚሠራም አለ። ሁለቱም ቦታውን ቀድመው ለክተዋል፣ ሁለቱም ሥራቸው ኔት ነው።

የእኔ 5ጂ እስካሁን ጓሮ ነው ያለው፣ ፓፓያው ሥር። ወንበር አውጥቼለታለሁ። ማታ ማታ ልጆቹ ሆትስፖት ከፍተው እዚያ ያጠናሉ፣ ባለቤቴም እህቷ ጋ የምትደውለው ከዚያው ሆና ነው። እኔ ሳሎን በ4ጂ ዜና አያለሁ።