ልጅ ሊነግረን ሲል አፉን የምንዘጋባቸው ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ አዋቂው ጋደም ይላል፤ ሱቅ የሚላከው ልጅ ነው። ሳቢያን ሰፈር በምንኖርበት ጊዜ የእኅቴን ልጅ ስኳር እንድታመጣ ስልካት «እዚያ ሱቅ አልሄድም» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ስንፍና መስሎኝ ተቆጥቼ ላክኋት። ባለሱቁ እንደሚነካካት የሰማነው ከወራት በኋላ ነው፤ ያውም ለእኛ ሳይሆን አብራት ላደገችው ለጎረቤታችን ልጅ፣ በኦሮምኛ ነግራት።

ትልቁ ስህተት ይሄው የእኔው ነው፤ ልጅ በደሉን በግልጽ እስኪናገር መጠበቅ። ልጅ ቁጭ ብሎ አይተርክም። መጀመሪያ «አስጠኚው አይምጣ»፣ «ሆዴን አመመኝ» የመሰለ ትንሽ ነገር ይናገርና ፊታችንን ያያል። ከተቆጣን ትልቁን ነገር ውጦ ይቀራል። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እያልን አድገን የልጅን ቃል ከቁም ነገር አለመቁጠር ለምደናል። «እዚያ ስትሄጂ ምን ያስጠላሻል?» ብዬ ብጠይቃት ኖሮ ያን ሁሉ ወር ብቻዋን ባልተሸከመችው ነበር።

ሁለተኛው ከነገሩን በኋላ የምናደርገው ምርመራ ነው። «ለምን አልጮህሽም?» የሚለው ጥያቄ ጥፋቱን ወደ ልጅቱ ያዞራል፤ ፍርሃት ትልቅ ሰውንም ያደነዝዛል። «እገሌ ነው አይደል?» ብሎ መልሱን በአፏ ማስገባት ደግሞ በኋላ ፍርድ ቤት ቃሏን ያዳክማል። «ከዚያስ?» ማለት ይበቃል። በፈለገችው ቋንቋ ትናገር፤ ያለችውን እንዳለችው ይጻፉት። እያንዳንዷ አክስት በመጣች ቁጥር እንደገና አያስተርኳት።

«ለማንም አልናገርም» ብለው አይማሉ። ለሐኪም ወይም ለፖሊስ መንገርዎ ስለማይቀር እምነቷ ዳግም ይሰበራል። «የምነግረው አንቺን ለመጠበቅ ለሚረዱን ሰዎች ብቻ ነው» ይበሏት።

ወንድ ልጅን ምን ያገኘዋል ማለትም ስህተት ነው። ያገኘዋል፤ የሚደርስለት ግን የለም።

ከጎረምሶችና ከኮረዶች ጋር ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው በስልክ ነው። ፎቶሽን እበትናለሁ ብሎ የሚያስፈራራት ሰው እንዳለ የነገረችን ልጅ መጀመሪያ የሚገጥማት ስልኳን መነጠቅ ከሆነ፣ ሁለተኛ አትነግረንም። መልእክቶቹ ማስረጃ ስለሆኑ እንዳይጠፉ አብረዋት ያስቀምጧቸው።

የመጨረሻው እጅግ የሚያሳዝነኝ ነው፤ ገመና እንዳይወጣ ብሎ በሽማግሌ መጨረስ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 627 ዕድሜው 13 ዓመት ያልሞላን ሕፃን የደፈረ ሰው ከ13 እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ይደነግጋል። ይህን በካሳና በእርቅ ማስቀረት አይቻልም። ሽምግልናው ቀን ሲፈጅ ደግሞ ሕክምናው ያመልጣል። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚጀመረው ጥቃቱ ከደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ድሬዳዋ ያለ ወደ ድል ጮራ፣ ሐረር ያለ ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ይውሰዳት። ገላዋን አያጥቧት፤ ልብሷንም ሳያጥቡ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ጠቅልለው ይያዙ።

የእኅቴ ልጅ አሁን አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ሱቅ ስልካት የትኛው እንደሚሻላት አስቀድሜ እጠይቃታለሁ።