የድሮ ሰዎችን እንግዳ ምግብ ስንሞክር የምንሠራቸው ስህተቶች

ጄሎ በሚባል አረንጓዴ የሚንቀጠቀጥ ጣፋጭ ውስጥ የተቀበረ ቱና። በካም ተጠቅልሎ ሶስ የፈሰሰበት ሙዝ። የቲማቲም ሾርባ የገባበት ኬክ። እንዲህ ያሉ የ20ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካና የእንግሊዝ ምግቦች ፎቷቸው ስልካችን ላይ ሲመጣ ፊታችንን አኮሳትረን እናልፋለን። እኔ ግን እነዚህን ሬሲፒዎች ማንበብ እወዳለሁ። አንዳንዶቹንም ቤቴ ሞክሬያለሁ። ብዙዎቹን የጻፉት ምግብ የማያውቁ ሰዎች አይደሉም። የሚከተሉትን ስህተቶች ካስወገዳችሁ እናንተም ይህንኑ ታያላችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዘመኑን ሳያዩ መፍረድ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። በእንግሊዝ የምግብ ራሽን የተጀመረው ጥር 8 ቀን 1940 ነበር። ጨርሶ ያበቃው ደግሞ ሐምሌ 4 ቀን 1954፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ጊዜ ለአንድ ሰው በሳምንት የሚደርሰው እንቁላል አንድ ነበር፣ እሱም ከተገኘ። ሙዝ ከገበያ ጠፋ፤ መርከቦቹ ለሌላ ነገር ይፈለጉ ነበር። ታዲያ እናቶች ምን አደረጉ? ፓርስኒፕ የሚባለውን የካሮት ዘመድ የሆነ ነጭ ሥር ቀቀሉ፣ ፈጩት፣ ስኳርና የሙዝ ኤሰንስ ጨመሩበትና ዳቦ ላይ ቀቡት። በጦርነቱ ጊዜ የተወለዱ ልጆች እውነተኛ ሙዝ ምን እንደሚመስል አያውቁም ነበር። ያቺ እናት ልጇ እንዳይቀርበት ብላ ነው የደከመችው።

በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገረው የዎልተን ፓይም እንዲሁ ነው። ድንች፣ ካሮት፣ አበባ ጎመንና አጃ እንጂ ሥጋ የለውም። ስሙን ያገኘው ከምግብ ሚኒስትሩ ከሎርድ ዎልተን ነው። የፈጠረው ግን የለንደኑ ሳቮይ ሆቴል ዋና ሼፍ ነበር። እንዲህ ያለ ባለሙያ በዚያ ላይ የተጠበበው እጁ ላይ የነበረው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

የታተመው ሁሉ ይበላ ነበር ብሎ ማሰብ

ብዙዎቹ አስገራሚ ሬሲፒዎች የተወለዱት በኩባንያዎች ወጥ ቤት ነው። ዓላማቸው ዕቃ መሸጥ ነበር። ጄሎ ራሱን እንይ። ፈሳሽ የሚያረጋው ጀላቲን፣ ስኳርና ጣዕም ያለበት ይህ ዱቄት የተሠራው በ1897 በኒውዮርክ ግዛት ነው። ቀደም ባለው ዘመን የረጋ ምግብ የሀብታም ቤት ምግብ ነበር፤ የጥጃ እግር ለሰዓታት ቀቅሎ፣ ስቡን ገፍፎ፣ ደጋግሞ አጥልሎ የሚያዘጋጅ ሠራተኛ ይፈልጋል። ዱቄቱ ሲመጣ ግን ያ ሁሉ ድካም ወደ ጥቂት ደቂቃ ወረደ። ፍሪጅ ደግሞ ሲከተል፣ ከቅርጽ ማውጫው ሳይፈርስ የወጣና የሚንቀጠቀጥ ሰላጣ ለእንግዳ ማቅረብ "ዘመናዊ ቤት አለኝ" ማለት ሆነ። በ1930 ላይም የሚባለው አረንጓዴ ሎሚ ጣዕም ተጨመረ፤ እሱ ከጎመንና ከአትክልት ጋር ይስማማል ተባለ። በ1960ዎቹ ኩባንያው የሴለሪና የቲማቲም ጣዕም ያለው ሁሉ አውጥቶ ነበር። እነሱ ብዙም አልቆዩም። ስለዚህ አንድ ማስታወቂያ አይታችሁ "አያቶቻቸው በየቀኑ ይህን ይበሉ ነበር" አትበሉ። ማስታወቂያ የሚያሳየው ሻጩ የተመኘውን ነው።

ፎቶውንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አትመኑት። ስድሳና ሰባ ዓመት የቆየ ህትመት ቀለሙ ይለወጣል። ትኩስ ሥጋ ግራጫ፣ ማዮኔዝ ቢጫ ሆኖ ይታያል።

ትኩስ አናናስ ጀላቲን ውስጥ መጨመር

ይህ በእኔም ላይ ደርሷል። የድሮው ወረቀት "የታሸገ አናናስ" ይላል። እኔ ትኩሱ ይሻላል ብዬ ቆራርጬ ጨመርኩ። ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ አደረ። ጠዋት ሳወጣው እንደ ሾርባ ይፈሳል፤ የአናናሱ ቁርጥራጭ ታች ዘቅጧል። ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳሁት። ትኩስ አናናስ ውስጥ ብሮሜሌን የሚባል ኢንዛይም አለ። ጀላቲን ፕሮቲን ነው፤ ብሮሜሌን ደግሞ ፕሮቲን ይበጣጥሳል። አናናሱ ሲታሸግ በሙቀት ስለሚያልፍ ኢንዛይሙ ይሞታል። ፓፓያና ኪዊም ያው ናቸው። ወረቀቱ ላይ "የታሸገ" የሚለው ቃል ስንፍና ሳይሆን እውቀት ነበር። እንግዳ የመሰላችሁን ነገር ከመቀየራችሁ በፊት መጀመሪያ እንደተጻፈው ሥሩት።

ጣፋጭና ጨው ሁልጊዜ ተለያይተው ኖረዋል ብሎ መገመት

ይህ መለያየት አዲስ ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ብላንማንዥ ማለት የዶሮ ፈረሰኛ፣ ሩዝ፣ የአልመንድ ወተትና ስኳር ነበር። ስኳር ያኔ የሚቆጠረው ከቅመም ጋር ነው። ሮማውያን ደግሞ ፒር የሚባለውን ፍሬ ቀቅለው፣ ከማር፣ ከከሙንና ከእንቁላል ጋር መትተው፣ ጋሩም የሚባለውን የዓሣ ፍሳሽ ጠብ ያደርጉበት ነበር። ስንሰማው ያቅለሸልሻል፤ ግን ጋሩም እዚያ የሚሠራው የጨው ሥራ ነው። ካራሜል ላይ ጨው የሚነሰንስ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

መለኪያውን በግምት መውሰድ

"የሻይ ስኒ"፣ "የዋልነት ፍሬ የሚያህል ቅቤ" የሚሉ አሠራሮች ብዙ ናቸው። ፓይንት የሚለውም ያሳስታል። የእንግሊዙ 568 ሚሊ ሊትር ነው፣ የአሜሪካው 473። ሬሲፒው የየት አገር እንደሆነ ሳታውቁ አትጀምሩ።

የድሮውን የማሸጊያ ዘዴ መከተል

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። ጣዕም ላይ የፈለጋችሁትን ሞክሩ፤ በዚህ ግን አትሞክሩ። የድሮ ወረቀቶች ባቄላ፣ በቆሎ ወይም ሥጋ በጠርሙስ አድርጋችሁ ውኃ ውስጥ አፍሉና አስቀምጡ ይላሉ። ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘር ግን በ100 ዲግሪ ፍል ውኃ አይሞትም። አየር በሌለበት ጠርሙስ ውስጥ ቁጭ ብሎ መርዝ ያመርታል። መርዙ ደግሞ ላይሸት፣ ላይታይ ይችላል። አሲዳቸው ዝቅተኛ የሆነ ምግቦች በከፍተኛ ግፊት በሚሠራ ማሸጊያ ብቻ ነው መታሸግ ያለባቸው። ድስት ላይ ሠርታችሁ ወዲያው ብሉት።

ለእንግዳ ሳይነግሩ ማቅረብ

"ፖም የሌለው የፖም ፓይ" የሚባል አለ። ፖም ሲጠፋ ወይም ሲወደድ አሜሪካውያን የሚሠሩት ነበር። ክራከር የሚባለው ጨዋማ ብስኩት በስኳር ሽሮፕ፣ በሎሚ፣ በቀረፋና ክሪም ኦፍ ታርታር በሚባል ኮምጣጣ ዱቄት ይርስና ሊጥ ውስጥ ይጋገራል። ክሪም ኦፍ ታርታሩን ከተዋችሁት የራሰ ጣፋጭ ዳቦ ይሆንባችኋል፤ ፖምን የሚያስመስለው ያ ኮምጣጣነት ነው። ሰውን ለማስገረም ብላችሁ ግን ምን እንዳለበት አትደብቁ። አለርጂ ያለበት አለ። ደግሞ ምግብ ላይ የተታለለ ሰው ሁለተኛ ቤታችሁ ሲመጣ ሳህኑን በጥርጣሬ ነው የሚያየው።

እኔ ፓዩን ከመቁረሴ በፊት ለጓደኛዬ ነገርኳት። ሹካዋን ወጋ አድርጋ ውስጡን ገለጠችው። ብስኩቱ ለስልሶ፣ እንደ በሰለ ፖም ተነባብሮ ነበር። አሸተተችው። "ቆይ፣ አንድም ፖም የለበትም?" አለችኝ። የለበትም አልኳት። ከዚያ ቀመሰችና ዝም ብላ በላች፤ ስትጨርስ ሬሲፒውን ላኪልኝ አለችኝ።