የቆየ ዝነኛ ፔፐር መልሶ እንዴት ይነበባል?

በኢኮሎጂና በዝግመተ ለውጥ ትምህርት ስማቸው ከአፍ የማይጠፋ ፔፐሮች (የምርምር ጽሑፎች) አሉ፤ የሚጠቅሳቸው ብዙ፣ ከፍቶ ያነበባቸው ጥቂት። እኔም ከጠቃሾቹ ወገን ነበርኩ። ለሴሚናር ወይም ለመመረቂያ ጽሑፍ አንዱን መለስ ብላችሁ ልታዩ ካሰባችሁ እንዲህ አድርጉ።

አንድ ብቻ ምረጡ። «አሥሩ ታላላቅ» ብሎ የተነሳ ሰው ሦስተኛው ላይ ይደክመዋል። እኔ እዚህ የያዝኩት የኢኮሎጂ ተመራማሪውን የሮበርት ፔይንን የ1966 (እ.ኤ.አ.) ጽሑፍ ነው፤ አሜሪካን ናቹራሊስት በሚባለው ጆርናል ላይ የወጣ፣ 11 ገጽ።

ፒዲኤፉን አውርዱ። ካልተከፈተላችሁ የላይብረሪ ሠራተኛ ጠይቁ። በኤአይ ማጠቃለያ መጀመርን ግን አልወድም፤ የሚነግራችሁ ሌላ ሰው ስለ ፔፐሩ ያወራውን ነው።

መደምደሚያውን ለኋላ ተዉትና የተሠራውን ሥራ ፈልጉ፤ ስታገኙት በእጃችሁ ሳሉት። ፔይን በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ዐለታማ የባሕር ዳርቻ ላይ 8 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ከፍታ ያለው ቦታ ለየ። ከሰኔ 1963 ጀምሮ ከዚያ ላይ የባሕር ኮከብ የሚባሉ አዳኝ እንስሳትን እየለቀመ አነሳ። 15 የነበሩት ዝርያዎች ወደ 8 ወረዱ፤ የባሕር ኮከቡ ይበላው የነበረው ሙሰል የሚባል ባለዛጎል ዐለቱን እየወረሰ ሌላውን ገፋው። ማነጻጸሪያው ያልተነካው የአጠገቡ ዐለት ነው። ይህን ስትስሉ፣ በየመማሪያ መጽሐፉ ሕግ የመሰለው «አዳኙ ሲነሳ የዝርያ ብዛት ይቀንሳል» የሚለው ነገር ከየት እንደተነሳ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

አሁን ዋናው ችግር፦ ፔፐሩ ያለውንና ሰዎች በኋላ ያሸከሙትን መለየት። ማስተርስ ስማር ስላይዴ ላይ በትልቁ «ፔይን በ1966 ኪስቶን ዝርያ የሚለውን ቃል አስተዋወቀ» ብዬ ጻፍኩ፤ ኪስቶን ማለት እንደ ባሕር ኮከቡ ሲነሳ የሌሎቹ ዝርያዎች ኑሮ የሚናጋበት ነው። አንድ መምህር «የትኛው ገጽ ላይ ነው?» አሉኝ። እዚያው ከፍቼ ኮንትሮል ኤፍ (የቃል መፈለጊያውን) ብል ዜሮ። ቃሉ የመጣው በ1969፣ በዚያው ጆርናል ላይ በወጣች የሦስት ገጽ ማስታወሻ ነው። እኔ ከሌላ ሰው ማጣቀሻ ገልብጬ ኖሯል፤ እሱም ከማን እንደገለበጠ እንጃ።

ስለዚህ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በግራ የፔፐሩን ቃል ከነገጹ፣ በቀኝ ሰው ስለ እሱ የሚለውን ጻፉ። የቀኙ በግራ አቻ ካጣ ምንጩን ፍለጋ ውጡ። ኮንትሮል ኤፍንም ዝም ብላችሁ አትመኑ፤ የድሮ ፔፐር ስካን ስለሆነ ቃሉ እያለም «የለም» ሊላችሁ ይችላል። መጀመሪያ ገጹ ላይ በዓይናችሁ የምታዩትን ቃል አስፈልጉትና ፈትኑት።

ቀጥሎ ወደፊት ሂዱ። ጉግል ስኮላር ፔፐሩን የጠቀሱትን ይዘረዝርላችኋል። በብዛታቸው አትደነቁ፤ ሙከራውን የደገሙትንና ሐሳቡን የተከራከሩትን ለቅማችሁ አውጡ። በ1993 ሚልስ፣ ሱሌና ዶክ «ኪስቶን» የሚለው ቃል ልቅ ሆኗል ብለው ተቹ። በ1994 ደግሞ መንጅና ባልደረቦቹ በኦሪገን ዳርቻ ያንኑ የባሕር ኮከብ መረመሩት፤ ማዕበል በሚመታው ዐለት ላይ ጉልበቱ ከባድ፣ በተከለለው ቦታ ግን ደከም ያለ ሆኖ አገኙት። ለእኔ ከዋናው ፔፐር ያልተናነሰ ያስተማረኝ ይህ ነው።

ስትጽፉ ከግራው ዓምድ ጀምሩ። ገጽ ያልያዘ ዓረፍተ ነገር ስላይድ ላይ አይውጣ፤ እኔን የጠየቁኝ መምህር ዛሬም የሚቀመጡት የፊት ወንበር ላይ ነው።