ማሳውን አይታችኋል? የተሳቢ መብራት ሲያስቸግር የምንሠራቸው ስህተቶች

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሾፌር የድሮ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ከነተሳቢው ይዞ ጋራዣችን ግቢ ገባ። ገና ሳይወርድ «ጋሼ፣ ይቺ መኪና ጋኔን ይዟታል» አለኝ። ግራ ፍሬቻ ሲያሳይ የተሳቢው መብራት በሙሉ ደብዘዝ ብሎ አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል። ፓርኪንግ አብርቶ ፍሬን ሲረግጥ ደግሞ የተሳቢው መብራት ጭራሽ ይጠፋል። ከእኔ በፊት ሁለት ቦታ ታይቷል። አንዱ ፍላሸር (ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገውን) ቀይሮለታል፣ ሌላው አምፖሎቹን በሙሉ። ሁለቱም ሒሳባቸውን ተቀብለዋል። ጋኔኑ ግን አንድ የማሳ ቡሎን ነበር። ማሳ የምንለው ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበትን ብረትና ሽቦ ነው።

እንዲህ ያለ መኪና በዓመት ስንት እንደሚመጣ መቁጠር ትቻለሁ። ስለሰለቸኝ ነው የምጽፈው።

ማሳን መጨረሻ ላይ መፈለግ

ሁሉም ሰው ፖዘቲቩን ያሳድዳል። ፊውዝ ያያል፣ አምፖል ያያል፣ ሽቦ ይከተላል። ኤሌክትሪክ ግን ሄዶ መመለስ አለበት። የሚመለስበት መንገድ ማሳው ነው። ማሳው ሲዘጋበት ዝም ብሎ አይቆምም፤ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ያን ጊዜ ነው ጋኔን የሚመስለው።

የፍሬንና የፓርኪንግ አምፖሉን እዩት። ባለ ሁለት ክር ነው፤ አንዱ ክር 21 ዋት፣ ሌላው 5 ዋት። ሁለቱ ክሮች የሚጋሩት አንድ ማሳ ነው። ማሳው ከሌለ የፍሬኑ ኤሌክትሪክ በትልቁ ክር ይገባና በትንሹ ክር ወደ ኋላ ይወጣል። ፓርኪንጉ ሳይበራ ፍሬን ብትረግጡ ሌላ ቦታ ያሉ ትናንሽ አምፖሎች ፈዘዝ ብለው ይበራሉ። ፓርኪንጉ እየበራ ፍሬን ብትረግጡ ግን የሁለቱም ክሮች ጫፍ 12 ቮልት ይሆናል። በመካከላቸው ልዩነት ስለሌለ የሚሄድ ነገር የለም፤ ሁለቱም ይጠፋሉ። የሾፌሩ ጋኔን ይኸው ነው።

ስታስረዷቸው «ማሳውማ በመጎተቻው ኳስ ያልፋል» የሚሏችሁ አሉ። ኳሱ ላይ ግራሶ አለ፣ ዝገት አለ፣ አቧራ አለ፣ በየጉድጓዱ ይነጥራል። እባካችሁ! ብረት ብረትን ስለነካ ማሳ አይሆንም። ተሳቢው የራሱ የማሳ ሽቦ ይኑረው፤ መኪናውንና ተሳቢውን ከሚያገናኘው ሶኬት እስከ እያንዳንዱ መብራት ድረስ፣ ወፈር ያለ።

መፈተኛው ቀላል ነው። የተሳቢውን መብራቶች አብሩ። መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ቮልት ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ ከመኪናው ባትሪ ኔጋቲቭ ጋር አገናኙ፤ ረጅም ሽቦ ያስፈልጋችኋል። ሌላውን ጫፍ የአምፖሉ መያዣ ብረት ላይ አስነኩ። ጤነኛ ማሳ ዜሮ አካባቢ ነው የሚያሳየው። ሁለት ሦስት ቮልት ካያችሁ ጥፋቱ ማሳው ነው፤ ሌላ ምንም አትንኩ። የቅዳሜው ተሳቢ ከአራት ቮልት በላይ አሳየኝ። ባለቤቱ ተሳቢውን አስቀብቶታል። ቀቢው እጁ ጥሩ ነው፤ ቀለሙ መስታወት ይመስላል። የማሳው ቡሎን የታሰረው ግን ቀለሙ ላይ ነው። በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ፈግፍጌ መልሼ አሰርኩት። ዐሥር ደቂቃም አልፈጀ።

በሰው አልፈርድም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ ጄነሬተር ተሳቢ ሽቦ ሁለት ቀን ሙሉ በአዲስ ቀይሬያለሁ። አንድም መብራት አልተስተካከለም። አዲሱን የማሳ ሽቦ ያሰርኩት በዚያው በዛገው ቡሎን ላይ ነበር። ገንዘቡን ስቀበል አፍሬያለሁ። ግን ተቀብያለሁ።

ጥፋቱ የመኪናው ይሁን የተሳቢው ሳይለዩ መጀመር

ሶኬቱን ንቀሉ። መኪናው ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቀዳዳ ፈትሹ። እዚያ ጥሩ ከሆነ ከተሳቢው በታች ግቡ፤ ካልሆነ ልብሳችሁን አታቆሽሹ።

መልቲሜትርን ያለ ጭነት ማመን

ይህ በተለይ ሥራ ለሚማሩት ልጆች ነው። አንዱ 12 ቮልት አየና «ጋሼ፣ ሽቦው ደህና ነው» ይለኛል። ሽቦው ውስጥ ካሉት ቀጫጭን ክሮች አንዷ ብቻ ሳትበጠስ ብትቀር መልቲሜትሩ ያው 12 ያሳያል። አምፖል ግን አታበራም። መልቲሜትር የሚስበው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም፤ የፍሬን አምፖል ወደ ሁለት አምፔር ይፈልጋል። ስለዚህ እኔ ከአሮጌ መብራት የተነቀለ መያዣ ላይ ባለ 21 ዋት አምፖል አድርጌ ሁለት ሽቦ ቀጥዬበታለሁ። ቦግ ካለ ደህና ነው፤ ካልበራ ወይም ከፈዘዘ ውሸት ነው። ከመሣሪያዎቼ ሁሉ የረከሰውም የማይዋሸውም እሱ ነው።

የሽቦ ቀለምን ማመን

በአውሮፓው ክብ ባለ 7 ፒን ሶኬት ቁጥር 1 ቢጫ ግራ ፍሬቻ ነው፣ 2 ሰማያዊ የጉም መብራት፣ 3 ነጭ ማሳ፣ 4 አረንጓዴ ቀኝ ፍሬቻ፣ 5 ቡናማ የቀኝ ፓርኪንግ፣ 6 ቀይ ፍሬን፣ 7 ጥቁር የግራ ፓርኪንግ። በአውስትራሊያው ግን ቡናማው የሁለቱም ጎን ፓርኪንግ ነው፤ ጥቁሩ የኋላ ማርሽ፣ ሰማያዊው የተሳቢው የራሱ ፍሬን። የአውሮፓውን መኪና ከአውስትራሊያው ተሳቢ ጋር ቀለም ከቀለም ካገናኛችሁ ፓርኪንግ ስታበሩ የተሳቢው የኋላ ማርሽ መብራት ይበራላችኋል።

የአሜሪካው ባለ አራት ሽቦ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እዚያ ፍሬንና ፍሬቻ በአንድ ሽቦ ነው የሚሄዱት። የእኛ ላንድክሩዘር ለየብቻ ነው የሚልካቸው፤ ስለዚህ መሃል ላይ መለወጫ ይፈልጋል። አንዱ ብልጥ የፍሬኑንና የፍሬቻውን ሽቦ አንድ ላይ ጠምዝዞ አስሮ መጣ። ፍሬን ሲረግጥ የፊት ፍሬቻዎቹም ቦግ ይላሉ። ከፊቱ የሚመጣው ሁሉ ግራ ይጋባል።

ይህ ሁሉ መጀመሪያ የዘረጋው ሰው ደንቡን ከጠበቀ ነው። እኛ ጋ ሱቅ ውስጥ የተገኘው ቀለም ነው የሚዘረጋው። በአምፖል እየፈተናችሁ በወረቀት ጻፉት።

የአምፖሉን ቮልት አለማንበብ

ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሱቅ ሄዳችሁ «የፍሬን አምፖል» ብቻ ብትሉ የጭነት መኪና 24 ቮልት ሊሰጧችሁ ይችላሉ። 12 ቮልት ላይ ሲገባ እንደ ሻማ ይፈዛል፤ እናንተም ሽቦ ስትመረምሩ ትውላላችሁ። በተቃራኒው፣ የድሮ ዲዝል ላንድክሩዘሮች ውስጥ 24 ቮልት የሆኑ አሉ። እዚያ 12 ቮልት አምፖል አንዴ ቦግ ብሎ ያልቃል። ሁለት ባትሪ ስላያችሁ ብቻ 24 ነው አትበሉ፤ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ታስረው 12 የሚሰጡም ሞልተዋል። ለኩ።

ሌላ፦ የባለ ሁለት ክሩ አምፖል ጎን ላይ ብቅ ያሉት ሁለት ጆሮዎች እኩል ከፍታ ላይ አይደሉም። በግድ ገልብጣችሁ ካስገባችሁት ፓርኪንጉ ይደምቃል፣ ፍሬኑ ይደበዝዛል።

ፊውዝ ሲቃጠል ትልቅ ፊውዝ ማስገባት

አራት የፍሬን አምፖል 84 ዋት ነው፤ 12 ቮልት ላይ 7 አምፔር ይስባል። 15 አምፔር ፊውዝ ከተቃጠለ አንድ ቦታ ሽቦ ብረት ነክቷል ማለት ነው። 30 ስታስገቡ ፊውዙ ይተርፍና ሽቦው ይቃጠላል። የተቃጠለ ፊውዝ ላይ የሲጋራ ብርማ ወረቀት የጠቀለላችሁበትን ደግሞ ባላይ ይሻለኛል።

ቆሞ ብቻ መፈተሽ

ፊውዝ የሚያቃጥለው ፒስታ ላይ ብቻ የሆነ መኪና መጥቶልኝ ያውቃል። ወደ ደቡብ ኦሞ ተጓዥ ያመላልሳል። አስፋልት ላይ ሰላም ነው። ግቢ ውስጥ ግማሽ ቀን አየሁት፤ ምንም። ፓርኪንግ፣ ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ ሁሉም ደህና። ተሳቢው ግን ባዶውን ነበር የመጣው። በኋላ ሦስት ልጆች ተሳቢው ላይ ወጥተው እንዲዘሉ አደረግሁና እኔ በጀርባዬ ተኝቼ ከታች አየሁ። ተሳቢው ዝቅ ሲል ባሌስትራው (ሞላው) ሽቦውን ከሻሲው ጋር ጨብጦ ይይዘዋል፤ ከፍ ሲል ይለቀዋል። የሽቦው ልባስ በጥፍር ስፋት ያህል ተልጦ መዳቡ ያበራል። «አንዴ ዝለሉ!» አልኳቸው። ዘለሉ። ፊውዙ ተቃጠለ፣ ልጆቹ ሳቁ፣ እኔ ሽቦውን በላስቲክ ቱቦ አልብሼ በሻሲው ላይኛ በኩል አሳለፍኩት።