ከዓይን ሌዘር በኋላ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሩቅ ለማየት ተቸግሮ በሌዘር ከመነጽር ለመገላገል የወሰነ ሰው የሚፈራው ሕክምናውን ነው። ሌዘሩ ግን ዓይን ላይ የሚያርፈው ለጥቂት ሰኮንዶች ነው። ስህተት የሚበዛው ከዚያ በኋላ፣ ኮርኒያው (የዓይን የፊት ግልጽ ሽፋን) ሲያገግም ነው።

በአራተኛው ቀን ተስፋ መቁረጥ። ፒአርኬ በሚባለው የሌዘር ሕክምና ስሱ የኮርኒያ የላይ ሽፋን ይነሣል። ከዚያም ከዳር ወደ መሃል እያደገ ከሦስት እስከ አምስት ባሉት ቀናት ይገጥማል። የሚገጥመው ልክ በምናይበት መሃል ላይ ስለሆነ፣ ትናንት ያነበቡት የስልክ መልእክት ዛሬ ሊደበዝዝብዎ ይችላል። አይደንግጡ፤ መጋጠሚያው ገና አልለሰለሰም። እይታው እስኪረጋ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ሊወስድ ስለሚችል፣ እስከዚያ አዲስ መነጽር ለማሠራት አይቸኩሉ። ሕመሙ እየባሰ፣ ዓይኑ እየቀላና ፈሳሽ እያወጣ ከሄደ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ማደር የለም።

በላሲክ ከታከመ ጓደኛ ጋር መወዳደር። እሱ በማግስቱ አጥርቶ ሊያይ ይችላል፤ በዚህ ሌላ የሌዘር ሕክምና ከኮርኒያው እንደ ክዳን የተከፈተለት ስስ ልባስ መልሶ ተከድኗልና። ያም ልባስ ግን እንደ ጥንቱ ጠንክሮ አይጣበቅም። ዓይኑን ካሸ ሊንሸራተት ይችላል።

በጠብታ ላይ ራስን ሐኪም ማድረግ። እንደ እኔ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ስቴሮይድ (መቆጣትን የሚቀንስ መድኃኒት) ያለበት ጠብታ በታዘዘው መጠን ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው የሚቆመው። «ተሻለኝ» ብሎ በድንገት መተው ኮርኒያው ላይ ጭጋግ መሳይ ጠባሳ ሊያስከትል ይችላል። ከፋርማሲ እየገዙ መቀጠል ደግሞ የዓይን ግፊትን ሊጨምር ይችላል፤ ሳያም ሳይቆረቁር ወደ ግላኮማ (የዓይን ነርቭን ወደሚጎዳ በሽታ) ሊወስድ ይችላል። ማደንዘዣ ጠብታ ለምኖ ቤት መውሰድማ ጭራሽ አይታሰብም፤ ሽፋኑ እንዳይድን ያደርጋል።

ፀሐይን መናቅ። የአልትራቫዮሌት ጨረር ያንኑ ጭጋግ ያባብሳል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ጨረሩ ከቆላው ይበረታል። ጥቁር መነጽር በደመናም ቀን ይደረግ።

ውሃና ኩል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሻወር፣ የመዋኛም ሆነ የጸበል ውሃ ዓይን ውስጥ አይግባ። ጸበል የሚጠመቁ ከሆነ ሐኪምዎን አማክረው ቀን ይቁረጡ። ኩሉም ይቆይ።

«ድኛለሁ» ብሎ መጥፋት። ሌዘር የኮርኒያውን ቅርጽ እንጂ የዓይኑን ርዝመት አይለውጥም። ሩቅ ማየት የሚቸግረው ዓይን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ረጅም ስለሆነ ሬቲናው (ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ይወጠራል። ስለዚህ የመላቀቅ ስጋቱ እንዳለ ነው፤ ብልጭታ ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ካዩ በዚያው ዕለት ይታዩ። ከሌዘሩ በፊት የተለካውን የዓይንዎን መጠን የያዘ ወረቀትም አይጣሉ። ኮርኒያው ስለሳሳ የዓይን ግፊት ሲለካ ከእውነተኛው አንሶ ይነበባል፤ በእርጅና ሞራ ቢወጣብዎም የሚተካውን ሌንስ ለመምረጥ ሐኪሙ የሚጠይቅዎ ያንኑ ወረቀት ነው።