የናፍጣ ፒካፕ ቫልቭ እቤት እንዴት ይስተካከላል?

የቡና ለቀማ ሲደርስ ጅማ ውስጥ ፒካፕ እረፍት የለውም። አጋሮ፣ ሊሙ፣ ሰቃ፤ ጆንያ ጭኖ ዳገት መውጣት ብቻ ነው። ቫልቭ (ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባና ጭሱን የሚያስወጣ በር) ለማየት ጥሩው ጊዜ እንግዲህ ክረምቱ ሲወጣ፣ ለቀማው ሳይጀመር ነው።

መጀመሪያ ሞተራችሁን እወቁ። እዚህ የምናወራው ስለ ድሮው አይሱዙ ፒካፕ ነው፤ 4ጄኤ1 (2.5 ሊትር) እና 4ጄቢ1 (2.8 ሊትር) ስለሚባሉት ሞተሮች። ቫልቩን ተጭኖ የሚከፍተው ሮከር የሚባል ክንድ ነው፣ በሁለቱ መሃል ያለው ክፍተትም በብሎንና በዳዶ ይስተካከላል። የቶዮታ ሃይሉክስ 3ኤል እና 5ኤል ግን እንዲህ አይደሉም። እነሱ ውፍረታቸው የሚለያይ ክብ ብረት (ሺም) እየተቀየረላቸው ነው የሚስተካከሉት። እቤት መለካት ይቻላል፤ መቀየሩን ግን ለጋራዥ ተዉት።

ብዙ ሰው ሞተሩ ቲክ ቲክ ሲል ይደነግጥና መካኒኩን «አጥብቅልኝ» ይለዋል። እኔ የምፈራው ዝም ያለውን ቫልቭ ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ይጮሃል፣ ቫልቩም በደንብ አይከፈትም፤ ግን ቢያንስ ይናገራል። ክፍተቱ ሲጠፋ ድምፅ የለም። ቫልቩ መቀመጫው ላይ አይገጥምም። ቫልቭ ሙቀቱን የሚያራግፈው ደግሞ ተዘግቶ መቀመጫውን ሲነካ ነው። ካልነካ፣ በተለይ የጭስ ማውጫው፣ ጠርዙ ይቃጠላል። ከዚያ ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ማውረድ ነው፣ ወጪውን አትጠይቁኝ። ጠዋት አልነሳ ማለትና ዳገት ላይ ጉልበት ማጣት ቀድመው ከሚታዩት ምልክቶች ውስጥ ናቸው።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። 0.40 እና 0.45 ሚሊሜትር ቅጠል ያለው ፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ)፣ ለዳዶው ቁልፍ፣ ካቻቪቴ፣ ለክራንክ ፑሊው (ከሞተሩ ፊት ያለው፣ ክራንኩን የሚያዞረው ክብ ብረት) ብሎን ትልቅ ቡሶላ ከረጅም እጀታ ጋር፣ ጨርቅ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ።

መኪናው አድሮ ሞተሩ ፍጹም ይቀዝቅዝ፤ የምንጠቀምበት ልክ የቀዝቃዛ ሞተር ነው። ሜዳ ላይ አቁሙት፣ ጎማው ስር ድንጋይ አድርጉ፣ ማርሹን ፍቱ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዙ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ፤ አንድ ልጅ ቁልፍ ቢያዞር ጣታችሁ ነው የሚሄደው። ጣራ ያለው ቦታ ምረጡ። የጅማ ዝናብ ጥቅምት ላይም ቃሉን አይጠብቅም።

የቫልቭ ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ዙሪያውን ጥረጉ። የገጠር መንገድ ጭቃ እዚያ ላይ ደርቆ ይጠብቃችኋል፣ ውስጥ ከገባ ከዘይቱ ጋር ይዞራል። ከዚያ ክዳኑን አንሱ፣ ጋስኬቱን (ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገውን) እንዳትቀዱት።

አሁን ወደ ዋናው። ሲሊንደሮቹ ከፊት (ከራዲያተሩ በኩል) ወደ ኋላ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ናቸው። የሚተኩሱት 1-3-4-2 በሚል ቅደም ተከተል ነው። ክራንኩን በፑሊው ብሎን፣ ከፊት ሆናችሁ ስታዩት ወደ ሰዓት አቅጣጫ አዙሩ። የናፍጣ ሞተር ስለሚታመቅ ይከብዳል፤ ካንዴላዎቹ (ሞተሩ ሲነሳ ሲሊንደሩን የሚያሞቁት) ከተፈቱ ይቀላል።

እያዞራችሁ የ4ኛውን ሲሊንደር ሁለት ሮከሮች ተመልከቱ። አንዱ ቫልቩን ለቆ ወደ ላይ ሲመለስ ሌላው መጫን ይጀምራል። ሁለቱ በሚተላለፉበት ነጥብ፣ የፑሊው ምልክትም ሞተሩ ላይ ካለው ምልክት ጋር ሲገጥም፣ ቁሙ። 1ኛው ሲሊንደር አሁን ሁለቱም ቫልቮቹ ተዘግተዋል፤ ለኩት።

0.40ው ቅጠል በሮከሩና በቫልቩ መሃል ትንሽ እየተጎተተ ማለፍ አለበት፤ ከከባድ መጽሐፍ መሃል ወረቀት ስትስቡ እንደሚሰማው። 0.45ቱ መግባት የለበትም። ሁለቱንም ከሞከራችሁ የእጃችሁ ግምት አያሳስታችሁም። በእነዚህ ሞተሮች የአየር ማስገቢያውም የጭስ ማውጫውም ልክ አንድ ነው፣ 0.40። ከመንካታችሁ በፊት ያገኛችሁትን ጻፉ። ያ ወረቀት ከማስተካከሉ በላይ ይነግራችኋል።

ልክ ካልሆነ ዳዶውን ፍቱ፣ ብሎኑን በካቻቪቴ አዙሩ፣ ቅጠሉ እንደተባለው ሲጎተት ብሎኑን ባለበት ይዛችሁ ዳዶውን አጥብቁ። እና እንደገና ለኩ። ዳዶ ሲጠብቅ ብሎኑን ይዞ መዞር ይወዳል። እዚህ የሚቸኩል ሰው ሥራውን ሁለቴ ይሠራል። የሮከሩ አፍ ተበልቶ ከጎደጎደም ተጠንቀቁ፦ ቅጠሉ ጉድጓዱን ተሻግሮ ያልፋል፣ እውነተኛው ክፍተት ግን ከለካችሁት ይበልጣል።

ቀጥሎ ክራንኩን ግማሽ ዙር። 2ኛው ሲሊንደር ሲተላለፍ 3ኛውን፤ ሌላ ግማሽ ዙር፣ 1ኛው ሲተላለፍ 4ኛውን፤ ሌላ ግማሽ፣ 3ኛው ሲተላለፍ 2ኛውን። አለቀ። ሁለት ሙሉ ዙር አዙራችሁ ሁሉንም ድጋሚ ፈትሹ።

ካንዴላ ፈታችሁ ከነበረ መልሱ። ክዳኑን ግጠሙ፤ ጋስኬቱ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ቀይሩት፣ ዳዶዎቹን እያፈራረቃችሁ በልክ አጥብቁ። ባትሪውን አገናኙ፣ አስነሱ። ቀለል ያለ ቲክታ ካለ ተዉት፤ ጤና ነው። ክዳኑ ዙሪያ ዘይት ያልባል ወይ ብላችሁ እዩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ስትለኩ ያው አንዱ ቫልቭ እንደገና ክፍተቱን ካጣ፣ ብሎኑን እየመለሱ መኖር አያዋጣም። ቫልቩ ወደ መቀመጫው እየሰመጠ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቷን ይዛችሁ ጋራዥ ሂዱ።